የፖት ኢምፔሸንስ አያያዝ፦ ውሃ ከማጠጣታችሁ በፊት አፈሩን ንኩ

ኢምፔሸንስ ገዝተው ቤት የሚያስገቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ አበባቸውን የሚያጡት በውሃ ነው። ቀትር ላይ ቅጠሉ ጠውልጎ ያዩታል። ደንገጥ ብለው አንድ ጣሳ ውሃ ይገለብጡበታል። በማግስቱም እንዲሁ። ብዙም ሳይቆይ ግንዱ ከታች ይለሰልስና ተክሉ ዝልፍልፍ ብሎ ይተኛል። አፈሩ እኮ ከመጀመሪያውም ርጥብ ነበር። ቅጠሉን ያጠወለገው የቀትር ፀሐይ ነው።

እዚህ ስለ አፈርም፣ ስለ ቦታም፣ ስለ ማዳበሪያም አወራለሁ። ሰፊውን ቦታ የሚወስደው ግን ውሃ ነው። የማስበው አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ወይም ሳሎን መስኮት አጠገብ የተቀመጠ አንድ ፖት ነው። ሌላ ከተማ ወይም ውጭ አገር ያላችሁ ወቅቶችን በተመለከተው ክፍል ውስጥ የሚመለከታችሁን ታገኛላችሁ።

አገሩ የት ነው?

በብዛት የሚሸጠው ኢምፔሸንስ አገሩ ሩቅ አይደለም። ከኬንያና ከታንዛንያ እስከ ሞዛምቢክ ባሉ ጫካዎች ውስጥ፣ ዛፍ ሥር፣ ምንጭና ወንዝ ዳር በራሱ ይበቅላል። የእኛዋ እንሶስላም የሥጋ ዘመዱ ናት፤ ሁለቱም የአንድ ወገን ተክሎች ናቸው። እንሶስላ በዱር በቅላ ያየ ሰው የኢምፔሸንስን ጠባይ ግማሹን ያውቀዋል። ጥላ ትወዳለች። እርጥበት ትወዳለች። ግንዷ ውሃ የቋጠረ ስለሆነ ትንሽ ሲነካ ቀጭ ይላል።

የወንዝ ዳር የጫካ አፈር ርጥብ ነው እንጂ ውሃ የተኛበት አይደለም። የቅጠል ብስባሽ ሞልቶታል፣ አየር ያስገባል፣ የተረፈውን ውሃ ቁልቁል ያሳልፋል። ፖት ውስጥ ለመፍጠር የምንሞክረው ይህንኑ ነው።

ስትገዙ

ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንደኛው ተራው ኢምፔሸንስ ነው። ቅጠሉ ለስላሳና አነስ ያለ፣ አበባው ጠፍጣፋ፣ ቀለሙ ነጭ፣ ሮዝ፣ ቀይ፣ ብርቱካናማ ወይም ወይን ጠጅ። ሁለተኛው የኒው ጊኒ ኢምፔሸንስ ይባላል። ቅጠሉ ረዘምና ጠንከር ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ነው፤ አንዳንዱ መሃሉ ቢጫ ነው፣ አንዳንዱ ወደ ጥቁር ቀይ ያደላል። ይሄኛው በዓለም ገበያ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካውያን የዕፅዋት አሳሾች ከኒው ጊኒ ደሴት ናሙና ይዘው ከተመለሱ በኋላ ነው።

ቤታችሁ ጥላ የሚበዛበት ከሆነ ተራውን ውሰዱ። በረንዳችሁ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ ከሆነ የኒው ጊኒው ይሻላል፤ ፀሐይን ትንሽ ይችላል። አበባው የተደራረበ ዓይነትም አለ። ያምራል፣ ክፋት የለውም። ግን የረገፈው አበባ ቅጠሉ ላይ ተጣብቆ ስለሚበሰብስ በየቀኑ መልቀም ይጠይቃል። እኔ ነጠላውን እመርጣለሁ።

ችግኙን አንሱና ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ። ከሥሩ ነጭ ብናኝ ወይም የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ መልሱት። ረጅሙን አትምረጡ፤ አጠር ብሎ ከታች ጀምሮ የተከፋፈለው ነው የሚያዋጣው። አበባው ሁሉ ከፈካው ይልቅ ገና እንቡጡ የበዛውን ውሰዱ፤ ቤት ገብቶ ይፈካላችኋል። የችግኙን ፕላስቲክ ከታች እዩት። ሥሩ በቀዳዳው ወጥቶ የተንጠለጠለ ከሆነ እዚያ ብዙ ቆይቷል ማለት ነው።

በነገራችን ላይ የቅጠሉ አንገት አካባቢ ጥቃቅን የሚያብረቀርቁ ጠብታዎች ልታዩ ትችላላችሁ። የነፍሳት እንቁላል የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። ተክሉ ራሱ የሚያወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። ጉንዳን የሚመጣውም ለእሱ ነው።

ፖትና አፈር

ለአንድ ችግኝ አፉ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፖት ይበቃል። ትልቅ ፖት ውስጥ ትንሽ ችግኝ መትከል ደግነት ይመስላል፣ ግን ሥሩ ያልደረሰበት አፈር ውሃ ይዞ ይከርማል፤ መበስበስ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ወገቡ ላይ ተቆርጦ በደንብ ይሠራል። ከታች አራት አምስት ቦታ በጋለ ሚስማር ብሱት። ያልተበሳ ዕቃ ውስጥ አትትከሉ። የሚያምር ዕቃ ካላችሁና መብሳት ካልፈለጋችሁ፣ የተበሳውን ፕላስቲክ ውስጡ አስቀምጡት።

ሸክላ ወይስ ፕላስቲክ? ሸክላ በጎኑ ስለሚተነፍስ ቶሎ ይደርቃል፤ እጃችሁ ውሃ ላይ ለሚበዛ ሰዎች እሱ ይሻላችኋል። ቀኑን ሙሉ ሥራ ለምትውሉ ፕላስቲክ።

አፈሩ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። አዲስ አበባ ዙሪያ በብዛት የሚገኘው ጥቁር መረሬ አፈር ለፖት አይሆንም። ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ውሃው በስንጥቁ ሾልኮ ይወርዳል፤ ሥሩ አያገኘውም። እኔ የምመክረው ቅልቅል ይህ ነው፦ ሁለት ጣሳ ለም ቀይ አፈር ወይም የጫካ አፈር፣ ሁለት ጣሳ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ ጣሳ ሬድ አሽ። ሬድ አሽ ግንባታ ላይ የሚደለደለው ቀዩ፣ ቀላሉ፣ ባለ ቀዳዳው ጠጠር ነው። በወንፊት ነፍታችሁ ዱቄቱን ድፉና ከሽንብራ ያነሰውን ጠጠር ተጠቀሙ። ካላገኛችሁ ደረቅ ያለ የወንዝ አሸዋ ይተካል።

ትክክለኛው ቅልቅል ውሃ ሲፈስበት ወዲያው ይጠጣል፤ ላዩ ላይ ኩሬ አይሠራም። በእፍኝ ጨብጣችሁ ስትለቁት ይፈረካከሳል።

ፖቱ ሥር ድንጋይ የመደርደር ልማድ አለ። ውሃ እንዲወርድ ነው ይባላል። እንደ እውነቱ ከሆነ ድንጋዩ የሚያደርገው የአፈሩን ቦታ መውሰድ ነው፤ ርጥቡ አፈር ወደ ሥሩ ከፍ ይላል እንጂ አይጠነፍፍም። አንድ የተሰበረ ሸክላ ቀዳዳው ላይ ጣል አድርጉ፣ ያ ይበቃል።

አተካከሉ

1. ከመትከላችሁ አንድ ሰዓት በፊት ችግኙን ከነፕላስቲኩ አጠጡት። ደረቅ ሥር ሲነካ ይበጠሳል።

2. ሥራውን ወደ ማታ፣ ፀሐይ ከዘቀዘቀች በኋላ አድርጉት።

3. ፖቱን እስከ ግማሽ በአፈር ሙሉ። የችግኙን ፕላስቲክ በምላጭ ወይም በመቀስ በጎኑ ቅደዱት። ግንዱን ይዛችሁ አትጎትቱ፤ አፈሩን ከታች በመዳፋችሁ ደግፉት።

4. ሥሩ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ከሆነ በጣታችሁ ላላ አድርጉት።

5. ቀድሞ በነበረበት ጥልቀት ትከሉት። ግንዱ ውስጥ ከተቀበረ ሊበሰብስ ይችላል። ከፖቱ አፍ ሁለት ጣት ያህል አጉድሉ፤ ውሃው ሳይፈስ እንዲሰርግ።

6. አፈሩን በቀስታ ጠጋ ጠጋ አድርጉ። በጡጫ አትደልድሉት።

7. ከታች እስኪንጠባጠብ አጠጡና ለሁለት ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ አቆዩት።

ቦታ

ኢምፔሸንስ ብርሃን ይፈልጋል፣ የቀትር ፀሐይ አይፈልግም። ይህ በተለይ አዲስ አበባ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐዩ ይለበልባል። ቅጠሉ ጠርዙ ነጣ ብሎ ቡናማ ከሆነ ተለብልቧል ማለት ነው።

በረንዳችሁ ወዴት እንደሚያይ እወቁ። ወደ ምሥራቅ የሚያይ ከሆነ ጥሩ ነው፤ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ወይም 4 ሰዓት ያለው ፀሐይ አይጎዳውም፣ አበባም ይጨምርለታል። ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነ ከሰዓት በኋላ መጋረጃ ወይም ሌላ ተክል ከልሉለት።

ሰሜንና ደቡብ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ የቀረውን ዓመት ወደ ደቡብ። ወደ ደቡብ የሚያይ በረንዳ ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ ደመና በሌለበት ጊዜ፣ ሙሉ ፀሐይ ይገባበታል። ወደ ሰሜን የሚያየው ግን ፀሐይ የሚደርሰው በአመዛኙ ሰማዩ በተጋረደበት ክረምት ነው። ለኢምፔሸንስ ሰሜኑ ይመቻል። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ሚያዝያና ግንቦት ላይ ብቻ ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርጉት።

ቤት ውስጥ ከሆነ ከመስኮቱ አንድ ሜትር ባልበለጠ ርቀት አስቀምጡት። ኮሪደር ላይ፣ ቴሌቪዥን አጠገብ፣ ሽንት ቤት ውስጥ አይሆንም። ብርሃን ሲያንሰው ይነግራችኋል፦ ግንዱ ይቀጥናል፣ ወደ መስኮቱ ይዘማል፣ በቅጠልና በቅጠል መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፣ አበባ ያቆማል። ድመት ወይም ውሻ ያላችሁ አትስጉ፤ ለእነሱ መርዛማ ከሚባሉት ተክሎች ውስጥ አይደለም።

ውሃ

ስንት ቀን አንዴ ይጠጣ? ለዚህ ጥያቄ ቁጥር አልሰጥም። በሐምሌ ሳምንት ሙሉ ሊቆይ የሚችል ፖት በመጋቢት በየሁለት ቀኑ ይጠማል። ቁጥር ይዞ የሚያጠጣ ሰው አንዱ ወቅት ላይ መሳሳቱ አይቀርም።

ይልቅ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ እስከ መጀመሪያው አንጓ ክተቱ። ላዩ ደርቆ ከውስጥ ርጥበት ከነካችሁ ገና ነው። እስከ አንጓው ድረስ ደረቅ ከሆነ አጠጡ። ሁለተኛው መንገድ ፖቱን ማንሳት ነው። በደንብ ካጠጣችሁ በኋላ አንስታችሁ ክብደቱን በእጃችሁ ያዙት። ከቀናት በኋላ ስታነሱት የቀለለ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። እጅ ይህን ቶሎ ይለምዳል፣ ከዚያ በኋላ ጣት መክተትም አያስፈልግም።

ስታጠጡ በደንብ አጠጡ። ጠብ ጠብ እያደረጉ በየቀኑ ማቅመስ ላዩን ብቻ ያረጥባል፤ የታችኛው ሥር ይደርቃል። ከቀዳዳው እስኪወጣ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ሰሃኑ ላይ የተጠራቀመውን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድፉት። ውሃው አፈሩ ላይ እንጂ ቅጠሉና አበባው ላይ አይፍሰስ። ሰዓቱ ጠዋት ይሁን። ማታ የረጠበ ቅጠል እስኪነጋ ስለማይደርቅ ሻጋታ ይጠራል።

ወደ ጀመርነው ነገር ልመለስ። ተክሉ ጠውልጎ ስታዩት ጣሳ ከማንሳታችሁ በፊት አፈሩን ንኩ። ሦስት ዓይነት መልስ ታገኛላችሁ።

አፈሩ ደረቅ፣ ፖቱ ቀላል ከሆነ ጥማት ነው። ይህ ቀላሉ ነው። በጣም ከደረቀ አፈሩ ከፖቱ ጠርዝ ይላቀቅና ከላይ የምታፈሱት ውሃ በጎን ሾልኮ ይወጣል፤ ያጠጣችሁ ይመስላችኋል እንጂ አልጠጣም። ሳፋ ውስጥ ውሃ አድርጋችሁ ፖቱን እስከ ወገቡ ንከሩት። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ አውጥታችሁ ይጠንፍፍ። አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ቀና ይላል።

አፈሩ ለዘብ ያለ እርጥበት አለው፣ ሰዓቱም ቀትር ነው፣ ፀሐይም አግኝቶታል እንበል። ይህ ሙቀት ነው። ውሃ አታክሉ። ጥላ ውስጥ አስገቡና ማታ ተመልከቱት። ከተነሳ ጉዳዩ የቦታ ነው።

አፈሩ ጭቅይት ያለ ርጥብ ሆኖ፣ ጠዋትም ማታም ጠውልጎ ከቆየ ግን ሥሩ እየበሰበሰ ነው። አፍንጫችሁን ብታስጠጉ ይሸታል። እዚህ ላይ እያንዳንዱ ጣሳ ውሃ ሞቱን ያፋጥነዋል። ተክሉን ከነአፈሩ ከፖቱ አውጡት። ጤነኛ ሥር ነጭና ጠንካራ ነው፤ የበሰበሰው ቡናማና ልጥልጥ ያለ። ግማሹ ነጭ ከሆነ የበሰበሰውን በንጹሕ መቀስ ቆርጣችሁ በአዲስ አፈር፣ አነስ ባለ ፖት ትከሉት። ሁሉም ቡናማ ከሆነ ሥሩን እርሱት። ከላይ ገና ያልለሰለሰ ጫፍ ካለ ቁረጡና ከታች እንደምነግራችሁ አዲስ ችግኝ አውጡ።

የውሃ ፈረቃ ያለበት ሰፈር አንድ ልማድ አይቻለሁ። ውሃ የመጣ ቀን ጀሪካኑ ሁሉ ይሞላል፣ ልብስ ይታጠባል፣ አበባውም አብሮ ይጥለቀለቃል። ከዚያ እስኪመለስ ጠብታ አያገኝም። ፈረቃው የእናንተ ነው፣ የአበባው አይደለም። አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ለእሱ ብቻ ሞልታችሁ አስቀምጡ። ቤት ውስጥ ያደረ ውሃ ከቧንቧ ወዲያው ከተቀዳው ቀዝቃዛ ውሃም ይሻለዋል። ሩዝ የታጠበበት ውሃ ችግር የለውም። ፓስታ የተቀቀለበት ጨው አለው፣ ዕቃ የታጠበበትም ሳሙና፤ ሁለቱንም ተዉት።

ለበዓል አገር ቤት ልትወርዱ ከሆነ ጎረቤት ከማስቸገራችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። ወፍራም የጥጥ ክር፣ የፋኖስ ክር ቢሆን ደግሞ በጣም ጥሩ፣ በደንብ አርጥቡ። አንዱን ጫፍ ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ እስከ ታች ስደዱት፣ ሌላውን ጫፍ ፖቱ ውስጥ ሥሩ አጠገብ ቅበሩት። ባልዲው ከፖቱ ከፍ ይበል። ክሩ ውሃውን ጥቂት ጥቂት እየሳበ ያቀብላል። ከመሄዳችሁ ሁለት ቀን በፊት ዘርግታችሁ ፍጥነቱን እዩ፤ አፈሩ ከጨቀየ ክሩን በቀጭን ለውጡ።

ምግብ

ኮምፖስት ያለበት አፈር ውስጥ የተተከለ ኢምፔሸንስ ለመጀመሪያው አንድ ወር ተኩል ምንም አይፈልግም። ከዚያ በኋላ በየሁለት ወሩ አንድ እፍኝ የበሰለ ኮምፖስት ላዩ ላይ በትኑለት። ፈሳሽ የአበባ ማዳበሪያ ካላችሁ ዕቃው ላይ ከተጻፈው መጠን ግማሹን፣ በየሦስት ሳምንቱ። ደረቅ አፈር ላይ አትስጡ፣ ሥር ያቃጥላል፤ መጀመሪያ በውሃ አርጥቡት።

ዩሪያ አትጠቀሙ። ገበሬ ዘመድ ያለው ሰው ከጓሮው አንድ ከረጢት ማግኘቱ ቀላል ነው፣ ግን ዩሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ብቻ ነው፣ 46 በመቶ። ቅጠሉ ይፈረጥማል፣ አበባው ይጠፋል። የዶሮ ፍግም ካልበሰለ ያቃጥላል። የቡና ዝቃጭ ላዩ ላይ ሲከመር ይሻግታል፤ ከኮምፖስቱ ጋር አብሮ ቢበስል ይሻላል። የሙዝ ልጣጭ የተዘፈዘፈበትን ውሃ ቲክቶክ ላይ የሚያሞግሱት ብዙ ናቸው። እኔ ካየሁት ጥቅሙ ይልቅ የሚስበው ጥቃቅን ዝንብ ይበዛል።

ፖቱ ጎን ወይም አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ከታየ የማዳበሪያ ጨው ተጠራቅሟል። ማዳበሪያውን አቁማችሁ በንጹሕ ውሃ ሁለት ሦስቴ አከታትላችሁ እጠቡት፤ ሁሉም ከታች ይውጣ።

መቀንጠስ

አዲስ ችግኝ አንድ ስንዝር ሳይሞላ ጫፉን በጣታችሁ ቀንጥሱት። አበባ ያለበትን ጫፍ መቁረጥ ያሳሳል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ከተቀነጠሰው በታች ካሉት ቅጠሎች ሥር ሁለት ሦስት ቅርንጫፍ ይወጣል፣ አበባው የሚመጣውም በእነሱ ጫፍ ነው። ያልተቀነጠሰ ኢምፔሸንስ ረዝሞ ከታች ይራቆታል።

ያረጀና የተራቆተ ከሆነ አትዘኑለት። ከአፈሩ በላይ አራት ጣት ያህል ትታችሁ፣ ቅጠል የወጣበት አንጓ መኖሩን አይታችሁ፣ ሁሉንም ግረዙት። ሰኔ መጀመሪያ ለዚህ ጥሩ ጊዜ ነው።

ከአንዱ ብዙ ማውጣት

የተቀነጠሰውን አትጣሉት። «እባክሽ ከዚች አበባ ቆርጠሽ ስጪኝ» የሚል ጎረቤት አይጠፋም፤ ኢምፔሸንስ ደግሞ ለዚህ እጅግ የተመቸ ነው።

1. አበባ ከሌለው ቅርንጫፍ ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ። የምትቆርጡት ከአንጓ ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ነው፤ ሥር የሚወጣው ከአንጓው አካባቢ ነው። አበባ ወይም እንቡጥ ካለው አንሱለት።

2. የታችኞቹን ቅጠሎች አርግፉ። ከላይ ሦስት አራት ይቅሩ።

3. ወይ በብርጭቆ ውሃ፣ ወይ በርጥብ አሸዋ ላይ ትከሉት። በውሃ ከሆነ በየሁለት ቀኑ ቀይሩት። ቅጠል ውሃ ውስጥ አይግባ።

4. ብርሃን ያለው፣ ፀሐይ የማይነካው ቦታ አስቀምጡ። ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ሥር ያወጣል። በቀዝቃዛው ወር ይዘገያል።

5. ሥሩ የአንድ ጣት አንጓ ያህል ሲሆን ወደ አፈር አዛውሩት። አትቆዩ፤ ውሃ ውስጥ ብዙ የረዘመ ሥር አፈር ለመልመድ ይቸገራል።

በዘርም ይሆናል። የበሰለው ፍሬ ሲነኩት ተርትሮ ዘሩን ስለሚበትን፣ ሊፈነዳ ሲል በትንሽ ከረጢት ሸፍናችሁ ያዙት። ዘሩን በአፈር አትቅበሩት፤ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። ላዩ ላይ በትናችሁ በቀስታ ተጫኑት። ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሙቀት ካገኘ በሁለት ሳምንት አካባቢ ይወጣል። ነገር ግን ከሱቅ የተገዛው ብዙ ጊዜ ዲቃላ ስለሆነ ልጁ እናቱን ላይመስል ይችላል። ያንኑ ቀለም የምትፈልጉ ከሆነ ቅርንጫፉን ቁረጡ።

ሕመምና ተባይ

ክሽክሽ ለጋውን ጫፍ ይወዳል። ነጭ ዝንብ ቅጠሉን ስታንቀሳቅሱት ብር ብሎ ይነሳል። ለሁለቱም ፖቱን ዘንበል አድርጋችሁ የቅጠሉን ሥር በውሃ እጠቡ። ካልለቀቀ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ ማታ ላይ ርጩ፣ ጠዋት በንጹሕ ውሃ እጠቡት። መጀመሪያ በአንድ ቅጠል ሞክሩ። በደረቁ ወራት ቅጠሉ ላይ ነጣ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦችና ቀጭን ድር ካያችሁ ቀይ ሸረሪት ነው። ደረቅና ሞቃት አየር ይመቸዋል። በውሃ ማጠቡን ደጋግሙ።

ቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ወይም ቀለበት መሰል ምልክት ከመጣና እድገቱ ከቆመ ትሪፕስ በሚባሉ ጥቃቅን ነፍሳት የሚተላለፍ ቫይረስ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት የለውም። አስወግዱት።

ከሁሉም የከፋው የቅጠል ሥር ሻጋታ ነው። ቅጠሉ ይገረጣል፣ ወደ ታች ይታጠፋል፣ ገልብጣችሁ ስታዩት ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ከዚያ ቅጠልና አበባ ይረግፍና አጽሙ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2003 እንግሊዝ ውስጥ ታየ፤ በ2011 እና በ2012 አሜሪካ ውስጥ ተስፋፍቶ ተራውን ኢምፔሸንስ ከብዙ የአትክልት ቦታ አጠፋው። ከያዘው አይድንም። ከነአፈሩ በከረጢት አስራችሁ ጣሉት፣ ኮምፖስት ውስጥ አትክተቱት፣ ፖቱን በበረኪና እጠቡት። የኒው ጊኒው ዓይነት ይህን ሻጋታ ይቋቋማል። ውጭ አገር ያላችሁ ተራውን ከፈለጋችሁ መለያ ወረቀቱ ላይ ቢኮን ወይም ኢማራ የሚል ስም ፈልጉ፤ ሻጋታውን እንዲቋቋሙ ተብለው የተዳቀሉ ናቸው።

በየወቅቱ

ክረምት፦ አየሩ ራሱ ርጥብ ነው፣ ውሃ ቀንሱ። ፖቱ ዝናብ የሚወርድበት ቦታ ካለ ሰሃኑን ከሥሩ አንሱ። በረዶ ከጣለ ለስላሳውን ግንድ ስለሚሰባብረው ከጣራ በታች ይሁን።

ከጥቅምት እስከ ጥር፦ የአዲስ አበባ ቀን ሞቃት፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ብዙ ጊዜ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ኢምፔሸንስ በዚህ ቅዝቃዜ ማደግ ያቆማል፣ ቅጠሉም ሊጠቁር ይችላል። ማታ ማታ ወደ ቤት አስገቡት፤ ካልሆነም ከበረንዳው ብረት አርቃችሁ ግድግዳ ላይ አስጠጉት። ውሃና ማዳበሪያ ይቀነስ።

ከየካቲት እስከ ግንቦት፦ ጥማቱ የሚበዛበት ጊዜ ነው። በየቀኑ አፈሩን ንኩ። አዳማ፣ ሐዋሳና ባሕር ዳር ያላችሁ ደግሞ በዚህ ጊዜ የሚያሳስባችሁ ሙቀቱ ነው፣ ዛፍ ጥላ ሥር አድርጉት።

ዋሽንግተን አካባቢና አውሮፓ ያላችሁ የመጨረሻው ውርጭ ሳያልፍ ወደ ውጭ አታውጡት፤ አብዛኛውን ጊዜ ሜይ አጋማሽ ይሆናል። ዱባይና ሪያድ ያላችሁ ደግሞ በተቃራኒው ከኖቬምበር እስከ ማርች በረንዳ ላይ፣ የቀረውን ጊዜ ቤት ውስጥ ከኤሲው ንፋስ አርቃችሁ።

እንሶስላን በፖት

ዘመዱን ከጠራን አይቀር፣ እንሶስላንም በፖት ማሳደግ ይቻላል። እግርና እጅ የሚሞቀው በወፍራም ሥሯ ነው፤ አበባዋ ግን ለብቻው ሊወደድ የሚገባው ነው። ነጭ፣ ትልቅ፣ ጉሮሮው ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ፣ ማታ ማታ የሚያውድ።

ከኢምፔሸንስ በሁለት ነገር ትለያለች። አንደኛ ትረዝማለች፣ ከሰው ቁመትም ልታልፍ ትችላለች፤ ስለዚህ ቢያንስ 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ትፈልጋለች። ሁለተኛ በደረቁ ወራት ከላይ ያለው ይደርቅና ከምድር በታች ያለው ሥሯ ብቻ ይቀራል። ሞተች ብላችሁ አትንቀሏት። የደረቀውን ግንድ ቁረጡ፣ ባልዲውን ጥላ ውስጥ አስቀምጡ፣ አፈሩ ድርቅ እንዳይል ብቻ አልፎ አልፎ ትንሽ ውሃ ስጡ። ማካፈል ከፈለጋችሁም ጊዜው ይኸው ነው። ሥሩን አውጥታችሁ እያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ አንድ ቡቃያ እንዲኖረው አድርጋችሁ ክፈሉት፣ የተቆረጠው ፊት አንድ ቀን ጥላ ውስጥ ይድረቅ፣ ከዚያ አራት ጣት ጥልቀት ትከሉት። ዝናቡ ሲቃረብ አዲስ ጫፍ ብቅ ሲል ውሃውን ቀስ በቀስ ጨምሩ።